ያልተቀመሰ ጠጅ

በቆሰበር ገበያ አጠገብ የነበረውን የእትየ ደጊቱን ጠጅ ቤት የሚያውቁ ሁሉ ስለ እሷ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት የጠጇን ጥራት ነው። እኔ ግን ጎረቤቷ ነበርሁ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ጠጅ ትጥላለች፣ እኔ አረቄ አወጣለሁ። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ቂሟ ነው። በቀል ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ መሬታቸውን ተቀምተው የማያውቁ ናቸው።

ደጊቱ ምህረቴ የባንጃ ሰው ናት። አባቷ አቶ ምህረቴ ከቆሰበር የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከወንዝ ዳር አንድ ማሳ ነበራቸው፤ ከማሳው ራስ ላይ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ዋንዛዎች። ቀፏቸውን የሚሰቅሉት እዚያ ነው። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ማር መቁረጥን ያስተማሩት ለእሷ ነበር። ሴት ልጅ ዛፍ ላይ ወጣች ብሎ የሚስቅ ሞልቷል። ማሩ ሲቆረጥ ግን የሳቀው ሁሉ ቅሉን ይዞ ይመጣ ነበር።

አባቷ በሞቱ በዓመቱ ወሰንተኛቸው ግራዝማች እንየው ተነሡ። «መሬቱ የእኔ ርስት ነው፤ ምህረቴ መጤ ነበር፣ በችሮታ ነው ያስቀመጥሁት» ብለው ከሰሱ። ሁለት ምስክሮች መስቀል ጨብጠው ማሉላቸው። ደጊቱም ተረታች። ባሏ ርስት የሌላት ሴት ምን ታደርግልኛለች ብሎ በዚያው ወር ፈታት። መሬቱ መሄዱ አንድ ነገር ነው። አባቷ በተቀበሩበት ደብር መጤ መባላቸው ግን ከመሬቱም ከባሏም በላይ አንገበገባት። ከቤቷ አንዲት ጋን ብቻ አዝላ ቆሰበር ገባች።

ጠጅ ስትጥል አጠገቧ ሰው ቢናገር አትወድም። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥባለች፣ በወይራ ጭስ ታጥናለች። ማሩን በንጹሕ ውሃ በጥብጣ ትከድነዋለች፤ ሦስት ቀን ቆይታ ሰፈፉን ትገፍፋለች፤ የጌሾውን እንጨት ቀቅላ ትጨምራለች። ከዚያ በየቀኑ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ፍላቱን ታዳምጣለች። እኔ አረቄዬን አንዴ ጥጄው ለወሬዬ እወጣለሁ፤ እሷ ግን ጠጁ እስኪጠልል ሩቅ አትሄድም። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ተይው» ሲሏት «አባቴ፣ የምጸልየውም እኮ ስለ እሱ ነው» አለቻቸው። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግራዝማች ሴት ልጃቸውን ለጥር ሊድሩ ደገሱ። አማቻቸው የሚሆኑት የሙሽራው አባት፣ አቶ አስማረ የሚባሉ የዳንግላ ሀብታም ናቸው። በቆሰበር ሲያልፉ የደጊቱን ጠጅ ቀምሰው ኖሮ «ለሠርጉ ከእሷ ጠጅ ሌላ እንዳታቀርቡልኝ» ብለው ላኩ። ግራዝማችም የአማች ቃል ነውና እሺ አሉ። ራሳቸው መምጣቱ ግን ክብራቸው አልፈቀደላቸውም። ቋጣሪም ስለነበሩ በታኅሣሥ አየነው የሚባለውን ሎሌያቸውን በሁለት በቅሎ ማር አስጭነው ላኩት፤ ማሩ ከእኔ፣ እጁ ከእሷ ይሁን ብለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውየው ማሩ ከየት እንደተቆረጠ ትዝም አላላቸውም። ደጊቱ የመጀመሪያውን ቅል ከፍታ በጣቷ ነካ አድርጋ ላሰች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ምን እንዳለች ጠየቅኋት።

«የዋንዛዬ ማር ነው አልሁ» አለችኝ። «የአባቴ ዋንዛ።»

ደሜ ፈላ። «በይ እንግዲህ፣ ጌሾውን አብዝተሽ አምርሪላቸው! አማቾቻቸው ፊት ይፈሩ!» አልኋት።

«የአባቴን ማር? አላበላሸውም» አለች። «እንዲያውም እንደዚህ ያለ ጠጅ ጥዬ አላውቅም።»

እውነትም ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራችም። ተጣርቶ ሲወጣ ወርቅ የመሰለ፣ ምላስ ላይ የሚቆይ ጠጅ ነበር። እኔ ግን ተናደድሁባት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትዝትበት ኖራ ጠላቷን ልታስከብር ነው ብዬ አዘንሁ። ያም ሆኖ ማሰሮ የምታሸክመው ሰው ስለጎደላት አብሬያት ሄድሁ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የዳንግላ አጃቢዎች ፈረሶቻቸውን በግርግም ዳር አስረው ገቡ። ከፊት ግራዝማች በአዲስ ካባ፣ ከጎናቸው አቶ አስማረ፣ ቀጥሎ የደብሩ ቄስና ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ደጊቱ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከፊታቸው ቆመች። በአገራችን ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። መርዝ እንደሌለበት የሚታወቀው በዚያ ነው። ያልተቀመሰ ጠጅ ማንም አይጠጣም።

ደጊቱ ብርሌውን ሞላች። መዳፏን ግን አልዘረጋችም።

«ቅመሺና ስጪን እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አሉ ግራዝማች።

«አልቀምስም» አለች።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አንገታቸውን አስግገው አዩዋት።

«ግራዝማች» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ይህ ማር ከማን መሬት እንደተቆረጠ ይንገሩኝና እቀምሳለሁ።»

«ከእኔ ነዋ! ከማን ሊሆን ኖሯል?»

«እንግዲያው ማሩ የእርስዎ ከሆነ እርስዎ ይቅመሱት» ብላ ብርሌውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። አየነውን ጠርተው «ና፣ ቅመስ!» አሉት። አየነው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «ጌታዬ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለ። ዞረው እኔን አዩኝ። «አንቺስ አብረሽ አልመጣሽም? ቅመሺ!»

«እኔ አረቄ ነው የማወጣ፣ ስለ ጠጅ አላውቅም» አልሁ። ጠጁን ለሦስት ቀን ስጠጣው ሰንብቻለሁ። ግን በዚያች ሰዓት ዓለም ቢሰጡኝ አልቀምስም ነበር። የደጊቱ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር።

አቶ አስማረ እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሡ። «ግራዝማች፣ ቤቱ የእርስዎ፣ ማሩ የእርስዎ። ይጠጡታ» አሉ።

ግራዝማች ብርሌውን ተቀበሉ። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ጢማቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፈጥነው ሲያርቁት ጠጁ በአዲሱ ካባ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ አየ። ብርሌውን መልሰው አስቀመጡት።

አቶ አስማረ የፈሰሰውን ጠጅ አዩ፣ ሰውየውን አዩ። «ምን ቢያደርጓት ነው እንዲህ የሚፈሯት?» አሉ።

ግራዝማች ካባቸውን ይጠርጉ ጀመር። ከዳንግላ አጃቢዎች ሁለቱ ተነሥተው ወደ ፈረሶቻቸው ሄዱ። አቶ አስማረም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «በዚህ ቤት ያለውን ነገር ሳላውቅ ሙሽራ ይዤ አልወጣም» አሉ። ከጓዳ የሙሽራይቱ እናት ልቅሶ ተሰማ። እውነቴን ነው፣ ለልጅቷ አዘንሁ። ለአባቷ ግን አንዲት ጠብታ አላዘንሁም።

«ማሩ...» አሉ ግራዝማች፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ከወንዝ ዳሩ ማሳ ነው። ከዋንዛዎቹ።»

«የማን ዋንዛዎች?» አለች ደጊቱ።

«የምህረቴ።»

«ምህረቴ ምን ነበሩ? ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብለው ይናገሩ።»

«ርስተኛ ነበር። ከአያት ከቅድመ አያቱ።»

«መጤ ነው ያላቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ግራዝማች እንየው። «ምስክሮቹንም ያስማልሁ እኔ ነኝ።»

ደጊቱ መዳፏን ዘረጋች። ከማንቆርቆሪያው አንድ ጉንጭ የሚሆን አፈሰሰችበትና ጠጣችው፤ መዳፏንም ላሰች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ለአቶ አስማረ ቀዳች፣ ለቄሱ ቀዳች፣ ለሽማግሌዎቹም ሁሉ ቀዳች። አቶ አስማረ ብርሌያቸውን ጨልጠው ሁለተኛ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጠጅ በዕድሜያቸው እንዳልጠጡ ለአጃቢዎቻቸው ሲናገሩ ሰማሁ። ሠርጉም ቀጠለ። ግራዝማች ብቻ የዚያን ዕለት ምንም ነገር አልቀመሱም።

ቄሱና ሽማግሌዎቹ ዳኛ ፊት ቀርበው የሰሙትን መሰከሩ። ሁለቱ ሐሰተኛ ምስክሮችም ንስሐ ለመግባት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ያጣብቡ ጀመር። ሰኔ ሳይገባ ደጊቱ መሬቷን ተረከበች። ጠጅ ቤቷን ዘግታ ወደ ዋንዛዎቿ ተመለሰች። የፈታት ባሏ ሽማግሌ ሲልክባት ሽማግሌዎቹን ጠጅ አጠጥታ፣ ምላሽ ሳትሰጥ ሸኘቻቸው።

መሬቷን ካገኘች ቂሟ ይለቃታል ብዬ ነበር። አልለቀቃትም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ማር ስትቆርጥ ጠጅ ጥላ አንድ ማሰሮ ለግራዝማች ትልክላቸዋለች። የምወስደው እኔ ነኝ። «ፊታቸው እንዳትቀምሺ፤ አስቀምጪና ነይ» ትለኛለች። ግራዝማች በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሰሮውን ያያሉ። «ምን አለች?» ይሉኛል። «የአባቴ ማር ነው ብላለች» እላቸዋለሁ። ሚስታቸው እንደነገሩኝ፣ ሲያዩት ይውሉና አመሻሽ ላይ ከጓሮ ያስደፉታል። ጠጅ በጣም የሚወዱ ሰው ነበሩ።

ዘጠኝ ዓመት፣ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ አመላለስሁ። በየመንገዱ ከማሰሮው ሁለት ሦስት ጉንጭ ሳልጠጣ የደረስሁበት ጊዜ የለም። ምንም አልነበረበትም፤ ጥሩ ጠጅ ነበር። ይህንንም አንድ ቀን እንኳ አልነገርኋቸውም።