ላዳችንና ገፊዎቿ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ታሪክ ማውራትም አይሆንልኝም። ይሄኛው ግን ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ ስመለስ በድንገት ትዝ ይለኝና ሳቄ ያመልጠኛል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ አፍራለሁ። ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ቤታችን ቀራንዮ ነው፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈ ዳገት ግርጌ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የላዳ ታክሲ ሲነዳ ነው የኖረው። ላዳዋ እርጅና ሲጫናት ዳገቱ መሀል ስትደርስ ሞተሯ ይጠፋ ጀመር። ድምፁ ቀጥ ሲል ጎረቤት ከያለበት ወጥቶ ይገፋል። ማንም አይጠራም፤ ዝምታው ራሱ ጥሪ ነው። ቦታ እንኳን ተከፋፍለው ነበር። በግራ በኩል ያለው የኋላ መብራት የባለሱቁ የባህሩ ነው። የቀኙ የበያጁ የግርማ። መሀሉ ደግሞ በራችን አጠገብ ቲማቲምና ቃሪያ የሚሸጡት የእትዬ ወይንሸት ነው። ሌላ ሰው ቦታቸውን ከያዘ ይቆጣሉ።

በመጨረሻ ሞተሩ ጨርሶ ሞተና ላዳዋ ሸራ ለብሳ በር ላይ ቆመች። እኔ በኤሌክትሪክ እንድትሄድ ላድርጋት ብዬ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ነገር አይደለም፤ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። አዲሱ ሞተር ከአንድ መጋዘን የተጣለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሞተር ነው። ባትሪዎቹ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጡ ናቸው። ካምቢዮዋን አልነካሁም። ያስቸገረኝ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት ነበር። የፀጉር ያህል ከተዛነፈ መኪናዋ በሙሉ ትንቀጠቀጣለች። ግርማ ቆረጠልኝ፤ እኔ እየለካሁ ስሞርድ፣ እንደገና እየለካሁ ስሞርድ ሰነበትኩ። እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ "ጥርስ ነው እንዴ የምትሠራው?" ትለኝ ነበር።

አባቴ ግን አሮጌው ሞተር ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሞ ካየ ጀምሮ ተስፋ ቆርጧል። ሳይነግረኝ ቁርጥራጭ ብረት ከሚገዛ ሰው ጋር ተስማማ። ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሊወስዳት ነው። ለመንኩት። አባቴ ሲሰለቸው፣

"እሺ፤ እኔን ጭና፣ ማንም ሳይነካት ዳገቱን ከወጣች ደውዬ አስቀረዋለሁ። ካልወጣች ግን ትንፍሽ እንዳትል" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱን ብሎን ደግሜ አጠበቅኩ። አባቴ ኮቱን ለብሶ ከጎኔ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞርኩ።

"በል አስነሳት" አለ።

"ተነስታለች አባባ።"

"ታዲያ ድምጿስ?"

"ድምፅ የላትም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ነዳኋት። እንደ ንብ ያለ ቀጭን ድምፅ ብቻ እያሰማች መውጣት ጀመረች። ልቤ ግን ከሞተሩ በላይ ይጮህ ነበር።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ለሰፈራችን ሰው ዳገት ላይ ድምፅ የሌላት ላዳ ማለት የጠፋች ላዳ ናት።

ባህሩ ከሱቁ ሆኖ አየን። "ጠፋባቸው! ኧረ ግፉ!" ብሎ በለስላሳ ሳጥኖቹ ላይ ዘለለ። ወዲያው ከኋላችን የእግር ኮቴ መጣ። ራሴን በመስኮት አውጥቼ፣

"ተዉ! አትንኳት! ራሷ ነው የምትሄደው!" አልኩ።

"አዎ፣ አዎ፣ እናውቃለን!" አለ ባህሩ እየገፋ።

የገረመኝ ግርማ ነው። ብረቱን የቆረጠው እሱ ራሱ ነው፤ እሱም ግን የቀኙን መብራት ይዞ ይገፋል። ላይ ስንደርስ ሦስቱም እያለከለኩ ደስ ብሏቸዋል።

"እንዴት ቀላለች በማርያም!" አሉ እትዬ ወይንሸት። "ያን ከባድ ሞተር ማውጣትህ በጣም ጠቀማት!"

እንደ እውነቱ ባትሪዎቹ ከሞተሩ ይከብዳሉ። ግን ማን ይሰማኛል! አባቴ "ይኸው፣ ተገፍታ ወጣች" ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

አንድ ዕድል ብቻ ብዬ ለመንኩት። ወደ ታች መለስኳትና ተከትለውን የወረዱትን ሁሉ "እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ" አልኳቸው። በእግዜር ስም ቃል ገቡ። ከግማሽ በላይ በሰላም ወጣን። ከዚያ መንገዱ የተቆፈረበት ቦታ ላይ ቀስ አልኩ። ይሄኔ አባቴ፣ ያውም እሱ ራሱ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ በሩን ከውጭ ሁለቴ ጠፈጠፈ። የድሮ ምልክቱ ነው። ግፉ ማለት ነው።

"አባባ! ምን ማድረግህ ነው?"

"እኔ እንጃ፤ እጄ ነው" አለ ደንግጦ።

አልቆልናል። ሦስቱም ደርሰዋል። ላይ ስንወጣ ክርክር ተነሳ። "እኔ እጄን አሳረፍኩ እንጂ አልገፋሁም" ይላሉ እትዬ ወይንሸት። "ቃል አልገባችሁም?" ስላቸው ባህሩ፣ "አባትህ ጋሽ ታደለ ጠሩን፣ ምን እናድርግ! ሽማግሌ ጠርቶህ ትቀራለህ?" አለኝ። አባቴ ስልኩን አየ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። መኪናዋን እንደገና ወደ ታች አወረድኩ፤ ሦስቱም ተከትለው ሲደርሱ ሁለቱንም የኋላ በሮቿን ከፈትኳቸው።

"ግቡ" አልኳቸው።

"ማ? እኛ?" አለ ግርማ።

"ሁላችሁም።"

ባህሩ ከልቡ ግራ ተጋባ። "እኛ ከገባንማ ማን ይገፋል?"

"ግቡ አልኩ!"

ድምፄ ሲወጣ ሰምተው ስለማያውቁ ፈርተው ገቡ። እትዬ ወይንሸት መሀል ተቀመጡ። ላዳዋ ከኋላዋ ዝቅ አለች። ያኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ፤ ሳሰላው የነበረው ለሁለት ሰው እንጂ ለአምስት አልነበረም። ወደ ኋላ ማለት ግን አይቻልም። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ረገጥኩ።

ወጣች። ቀስ ብላ፣ ሳታንገራግር ወጣች። በመስታወት ሳይ ባህሩ የአባቴን መቀመጫ በሁለት እጁ ይዞ ይገፋል። ግርማ ግንባሩን አኮማትሮ ወደ ፊት አዘንብሏል። እትዬ ወይንሸት "አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ" ይሏታል። የተቆፈረው ቦታ ላይ አባቴ ሁለቱን እጆቹን ብብቱ ሥር ደበቃቸው።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆምን። አባቴ ዞሮ በኋላ መስታወት አየ። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ውሻ ብቻ ቆሞ ያየናል።

"ማንም የለም" አለ በቀስታ። ከዚያ ደወለ።

"ሄሎ፣ እኔ ነኝ፣ ስለ ላዳዋ ነው። አትምጣ። አይ ወንድሜ፣ የዋጋ ነገር አይደለም። ሰው ጭናለች።"

መኪናዋ በሳቅ ተናወጠች። እትዬ ወይንሸት እልል አሉ፤ ባህሩ ጣሪያውን ይደበድባል። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣

"ምን ያስገለፍጥሃል? አዙራት፤ ደግመን እንውጣው!" አለኝ።

ያን ጠዋት ስንት ጊዜ እንደወጣን አልቆጠርኩም። አሁን ሳስበው፣ በገፊዎቹ የተናደድኩትን ያህል በማንም አልተናደድኩም፤ ያን ዳገት አብሮኝ እንዲወጣ የምመርጠው ሌላ ሰውም የለም። የላዳዋ የወረቀት ጉዳይ ገና ስላላለቀ ከሰፈር አትወጣም። ለጊዜው ሥራዋ፣ አሁን አስፋልቱ ዳር መሸጥ የጀመሩትን እትዬ ወይንሸትን ከነቲማቲማቸው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ማድረስ ነው። የሚነዳው አባቴ ነው፤ ቁልፉን አይሰጠኝም። እኔ መንዳት ሲያምረኝ ተራዬን እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አልደረሰኝም።