ባለ አርባው ድንኳን

ባለፈው እሑድ ሠርግ ተጠርቼ ድንኳኑን ከጥግ እስከ ጥግ በእርምጃ ስለካ ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እማዬ፣ ሰው እያየሽ እኮ ነው» አለች። ይየኝ። የድንኳን ሰፊ ልጅ ድንኳን አይታ ዝም ብላ አታልፍም።

አባቴ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ሸራ ሰፊ ነበር። ሱቃችን አዲስ ሸራና ከጎረቤት የሚመጣ በርበሬ ይሸታል፤ ስናነጥስ ነው የምንውለው። አባቴ ድንኳንን የሚጠራው ጠርዙን ዞሮ በሚሰፋው ገመድ ርዝመት ነበር። ዙሪያው አርባ ሜትር ከሆነ «ባለ አርባ» ይለዋል፤ ደንበኛውም እንደዚያው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ ስለ ስፋት ተፈተንን። እኔ የአባቴ ልጅ አራቱንም ጎን ደምሬ ሰጠሁና ዜሮ ታቅፌ ተመለስኩ። አስተማሪያችን ወረቀቱን ሲሰጡኝ «አጥሩንስ አጥረሻል፤ ሰዎቹ የት ይቀመጡ? ርዝመቱን በወርዱ አባዢው» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የታላቅ እህቴ የዘይነባ ሠርግ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። አባቴ ለሙሽራው ወገን፣ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ አስቀምጣለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። አማች ደጅ ቆሞ ተራ ከጠበቀ ወሬው ዕድሜ ልክ አይለቅም። ካቻምና ለጎረቤት የሰፋው ባለ አርባ፣ ጎኖቹ እኩል አሥር አሥር ሜትር ስለነበሩ መቶ ሰው ይዟል። ለልጁ ግን ግርማ ያለው አማረውና አሥራ ስድስት በአራት፣ ረጅምና ጠባብ ባለ አርባ ሊሰፋ ሸራውን አሰመረ።

«አባዬ፣ ይኼኛው መቶ ሰው አይዝም» አልኩት።

«ባለ አርባ ባለ አርባ ነው። ገመድ አይዋሽም» አለ። «ደግሞ ዜሮ ያመጣ ሰው ነው እኔን የሚያስተምረኝ?»

ዜሮዬን አይቷታል ለካ። አፈርኩ፤ እልህም ያዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት ክር ሊገዛ ጎጃም በረንዳ ሲሄድ መቀሱን አንስቼ ከቁርጥራጭ ሸራ መቶ እኩል ካሬዎች ቆረጥኩ። ተመልሶ ሲያየኝ «መቀሴን አደነዝሽው» ብሎ ተቆጣ።

«አንዷን ካሬ እንደ አንድ ሰው ቁጠራት» አልኩና፣ በአርባ ካሬ ጎን ልክ የለካሁትን ሲባጎ ጫፍና ጫፉን አስሬ ወለሉ ላይ እንደ እሱ ድንኳን አስረዝሜ ዘረጋሁት። ውስጡ ስድሳ አራት ካሬ ገባ። ሠላሳ ስድስቱ እጄ ላይ ቀሩ።

«እነዚህ የሙሽራው አጎቶች ናቸው። ደጅ ቆመዋል» አልኩት።

ያንኑ ሲባጎ ሳልፈታ አሥር በአሥር አደረግኩት። መቶውም ገቡ። አባቴ ተንበርክኮ በጣቱ ቆጠረ፤ አላመነም፣ ደገመ። አስተማሪዬ ያሉትን ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ሃያ ዓመት አጥር ስሸጥ ነው የኖርኩት በይኛ» አለ።

የሠርጉ ዕለት መቶውም ሰው ተቀመጠ። ክትፎው በየገበታው ዞረ፤ አንድም አማች ደጅ አልቆመም። የሙሽራው አባት ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ «ድንኳኑስ ሰፊ ነው፤ ባለ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ባለ ስንት የሚባለው ነገር ቀርቷል» አለ አባቴ እየሳቀ። «እኔ ተሳስቼ ጠባብ ላደርገው ነበር፤ ያረመችኝ ይቺ ናት።» እጄን ይዞ መሃል አቆመኝ። የምገባበት ጠፋኝ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ያኔ የኮራሁት በሒሳቤ ነበር። አሁን አባቴ የለም፤ እኔም በተራዬ ልጆቼ ያርሙኛል። ልክ መሆናቸውን እያወቅሁ እንኳ ነገር አዙሬ እረታቸዋለሁ፤ በገዛ ሳሎኔ፣ በሁለት ልጆች ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ያንቀኛል። አባቴ ግን በመቶ አማች ፊት፣ በገዛ ሙያው፣ እየሳቀ ብሎታል።