ምሳ የተጋበዘው ሽፍታ

መንግሥት በተቀየረ በጥቂት ዓመቱ መርሳ ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ውጭ ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ መኪና መቆሚያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ሲታይ ለተመልካቹ እተረጉም ነበር። ክፍያዬ እስክጠግብ ድረስ ሻይና ፓስቲ ነው።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ከደሴ ያመጣቸው ካሴቶች የአሜሪካ ካውቦይ ተከታታይ ፊልም ነበሩ። ሸሪፉ ሁልጊዜም ያው ነው፤ ክፉው ሰው ግን በየክፍሉ ይለወጣል። አንዱ ይሞታል፣ በሚቀጥለው ሌላው በእንግድነት ይመጣል። አብዛኞቹ ገና ሲገቡ ያስታውቃሉ፤ ይጮኻሉ፣ ጠርሙስ ይሰብራሉ። አንደኛው ግን እስካሁንም ያስፈራኛል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፈገግ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ለምሳ ይገባል።

ያን ቅዳሜ ይኸው ክፍል ሊጀምር ሲል ዝናብ ጣለና የውርጌሳ መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ወደ ውስጥ ገቡ። ከመካከላቸው አንዱን ሳይ ሻዩ ትን አለኝ። ሽማግሌ ልኬ መልስ የምጠብቅባት ልጅ አባት ናቸው። ሽማግሌዎቼ እንደ ወጉ «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ተብለው፣ መልሱን እንዲሰሙ የተቀጠሩት ለሐሙስ ነበር። ያቺን ልጅ ካጣሁማ መርሳ ምን ይሠራልኛል እስከማለት ደርሻለሁ። አባትየው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አይተውኛል።

እንግዲያውስ ልታይ አልኩና ምላሴን ፈታሁት። ፊልሙ ላይ ያ ሰው በሩን አንኳኩቶ ያለው «ደህና ዋሉ» ብቻ ነው። እኔ ግን «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ? ከብቱስ ደህና ነው? ዝናቡ እንዴት አደረጋችሁ? አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ቤታችሁን ይሙላው» አሰኘሁት። ሽጉጡን እንደታጠቀ ወደ ማዕዱ ሲቀርብ ቢስሚላህ አስባልኩት። ቤቱ ሞቅ አለ። አባትየው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉና፣ «ወላሂ ይኼስ የጨዋ ልጅ ነው! ያሳደጉትን አላህ ይዘንላቸው» አሉ።

እኔ ሞኙ በደስታዬ ቀጥሎ የሚመጣውን ረሳሁት። ያ ጨዋዬ ምሳውን በልቶ አፉን ጠረገ፤ ፈገግ እንዳለ ተነሥቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈና ያበላውን ሽማግሌ በጥይት መታው።

የልጅቷ አባት ብድግ ብለው ቆሙ።

«እህላቸውን በልቶ?» አሉ። ዞረው ያፈጠጡት ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። «አንተ መምህር፣ ይኸን ፊልም ፊት አይተኸው ነበር?»

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ» አልኩ። መዋሸት እንኳ አቃተኝ።

«እና እያወቅህ እንዲህ ባለ አፍ ታናግረዋለህ?»

ዝናቡ ሳያባራ ወጥተው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። አባትየው፣ «ነፍሰ ገዳዩን እንዲያ ያሳመረ ሰው፣ ራሱን ምን አስመስሎ እንደላከብኝ በምን አውቃለሁ? እሱ ራሱ ይምጣ» ብለዋቸው ነበር። ጠያቂው ራሱ የሚጠራበት ወግ በአገራችን የለም፤ ሽማግሌዎቹ ከእኔ ብሰው አፈሩ።

እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። መደብ ላይ አስቀመጡኝና፣ «በል ያን ፊልም እንደገና ንገረኝ፤ ሰውየው ያለውን ብቻ» አሉ።

ነገርኳቸው። ደህና ዋሉ አለ። እርቦኛል አለ። ምግቡ ይጣፍጣል አለ። ከዚያ ተኮሰ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

«አሁን ገና አስፈራኝ» አሉ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለው ኖሮ እጠረጥረው ነበር።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «በል አሁን ደግሞ የራስህን ንገረኝ፣ በዚሁ አፍህ።»

ሽማግሌዎቼ ስለ እኔ ያወሩትን አውቃለሁ። ወልድያ ቤት አለው፣ በቅርቡም ርዕሰ መምህር ይሆናል ብለዋል። ሹመቱን ከእነሱ በቀር የሰማ ሰው የለም፤ እኔም ይህን ማለታቸውን ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ዝም ብያለሁ።

«ወልድያ ያለው ቤት የአጎቴ ነው» አልኩ። «ሹመትም የለም። ያለኝ የአስተማሪ ደመወዝ ነው። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ተንከባለለ፤ ጣሳ መሰለኝ። አባትየው ወደዚያ ዘወር ብለው አዩና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ። «አደራህን፣ አሁን ግን ብዙ አይናገሩ።»