ከገመዱ ውጪ የቆሙት ሰው

ወደ አውሮፕላን ክበቡ የገባሁት አውሮፕላን ወድጄ አይደለም፤ የጽሕፈት መኪና ስለነበረኝ ነው። እሱም ቢሆን የእኔ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቴ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ገና ያላገባሁ ሴት ልጅ ሳለሁ፣ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያን ዘመን አንድ ማኅበር ደንቡን በመኪና አስጽፎና ማኅተም አስቀርጾ ካልቀረበ እንኳን አውሮፕላን ኳስም ማንሳት አይችልም። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጣና፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች እየሠራ የሚያበር ክበብ ማቋቋሙን ነግሮኝ ጸሐፊው እንድሆን ለመነኝ። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲጫወት መስሎኝ ሳቅሁበት። በሳምንቱ ግን "ጓድ ጸሐፊ" ተብዬ ተመረጥኩ።

አስተማሪው ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ካፖርትና ሰዓት ይዞ ሲመጣ፣ እሱ መዳፍ ውስጥ የምትገባ አንዲት ሞተር ይዞ መጣ። ጅማ ብቻ ሳይሆን እስከ አጋሮና ሊሙ ድረስ ቢፈለግ ሌላ እንዲህ ያለች ሞተር አልነበረችም። የምትጠጣው ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት ተቀላቅሎ ነው፤ ስትነሳ ጩኸቷ የቡና መፈልፈያ ያህላል። አውሮፕላኑ እንደ እውነተኛው በፈቀደው አቅጣጫ አይሄድም። በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታስሮ፣ ሜዳው መሃል በቆመው ሰው ዙሪያ ይዞራል። ሰውየው የሽቦዎቹን እጀታ ይዞ አብሮ ይዞራል፤ እጁን ቀና ሲያደርግ አውሮፕላኑ ይወጣል፣ ዝቅ ሲያደርግ ይወርዳል። ሲነገር ቀላል ነው።

ይህን በደንብ የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ቦሳ ኪቶ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተቀምጠው ጃንጥላ የሚጠግኑ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቁጥብ ሙስሊም አባት ናቸው። የጅማ ዝናብ ማለቂያ ስለሌለው ሥራ ፈትተው አያውቁም። አስተማሪው ጃንጥላውን ሊያሠራ ሄዶ ስለ ክንፍ ሲያወራላቸው እየሰፉ ሰሙት። በሳምንቱ ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦና ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ፣ ጥቁር የጃንጥላ ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን አቀረቡለት። ሰዉ "ቁራው" እያለ ቀለደበት። ሌሎቹ የሠሯቸው ሞተሯ በተገጠመችላቸው ቁጥር እየወደቁ ሲሰባበሩ ቁራው በረረ፤ እሱም በእሳቸው እጅ ብቻ። አስተማሪው ራሱ እየተንገዳገደ ሁለት ሦስት ዙር ቢያዞረው ነው። እሳቸው ሲያበሩ ፊታቸው ሌላ ይሆናል። ከቁራው ጋር በአፋን ኦሮሞ ያወራሉ፤ "ኦል" ብለው ያወጡታል፣ "ገዲ" ብለው ያወርዱታል። አንድ ቀን ይህ ነገር ምን እንደሚያስደስታቸው ጠየቅኳቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሁድ እስከ እሁድ የሚጠብቁት ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ ሞተሯን መወልወል ቀጠሉ።

አሁን ወደ ጣጣው ልምጣ። የክበቡን መታወቂያ የያዘ ሰው ለሞተር ነዳጅ እየተባለ ከቀበሌው ሱቅ ነጭ ጋዝ ያለ ሰልፍ ይወስድ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ አባላቱ ቅዳሜ ይለማመዳሉ ተብሎ ከቡና ለቀማ ዘመቻ ነፃ መሆናቸው ነው። በለቀማው ወራት የከተማው ሠራተኛ በጭነት መኪና ወደ እርሻው እየተጫነ፣ ጭቃ ሲያቦካና ጉንዳን ሲበላው ይውል ነበር። ወሬው እንደተሰማ የአውሮፕላን ፍቅር ከተማውን ወረረው። ሰባት የነበርነው ዓመት ሳይሞላን አርባ ገባን። ከመንደራ ቆጪ ሰፈር የመጣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ፎርሙ ላይ "የበረራ ልምድ" ከሚለው ፊት "አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ" ብሎ ሞላ። የሄደው በአውቶብስ መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። የእያንዳንዳቸውን መታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በጻፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ቀበሌውም አልተኛም። ሊቀ መንበሩ አስተማሪውንና እኔን ጠርተው፣ የሚያበረውን ከማያበረው ለይታችሁ የበረራ ፈቃድ ስጡ፣ አለዚያ የዘመቻው ነፃነት ይቀራል አሉን። ስብሰባ ጠራን። አዳዲሶቹ አባላት፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የትርፍ ሰዓት መዝናኛን ወደ ቢሮክራሲ ይለውጣል እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ ቢሮክራሲን የሚያወግዙት ሁሉም የቢሮ ሰዎች ነበሩ። ነባሮቹ ደግሞ ፈቃዱ ይኑር ባይ ሆኑ። እንዴት ይሰጥ ሲባል ጃንጥላ ጠጋኙ እጃቸውን አወጡ።

"ያብሩና እንያቸው" አሉ። "የሚችል ይታያል፤ የማይችልም ይታያል።"

ይህን ብቻ ብለው ተቀመጡ። እኔ ተነሳሁ። አርባ ሰው በአንዲት ሞተር ከተፈተነ ሞተሯ በአንድ ቀን ታልቃለች አልኩ። ስለዚህ ፈተናው በጽሑፍ ይሁን፤ ያላለፈ አያብርም፤ የበረራው ክልል በገመድ ይከለል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ገመዱን አያልፍም። ንዴቴ መታወቂያ አሳዳጆቹ ላይ ነበርና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ ጭብጨባው ደግሞ ደስ አለኝ። ደንቡ በድምፅ ብልጫ አለፈ። በማግስቱ በሦስት ቅጂ ጻፍኩት። ከግርጌው "ለአፈጻጸሙ ኃላፊ" ከሚለው ሥር የገባው ስምና ፊርማ የእኔ ነው።

ሃያ ጥያቄ ከአስተማሪው መጽሐፍ አውጥተን አባዛን። የዘነጋሁት ነገር ቢኖር፣ ላባርራቸው የፈለግኳቸው ሰዎች መመሪያ ሸምድደው የሚያድሩ መሆናቸውን ነው። ሞተሯ በየት በኩል እንደምትነሳ የማያውቁ ሁሉ ስለ ክንፍና ስለ አየር ግፊት አምረው ጽፈው አለፉ። ጃንጥላ ጠጋኙ ቁርአን ሲቀሩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የአማርኛ ፊደል ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስማቸውን መጻፍ እስኪችሉ ብቻ ነው የተማሩት። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እርሳሱን እንደ መርፌ ይዘው ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሌላው ሳይጨርስ አጣጥፈው ሰጡኝና አመስግነውኝ ወጡ። እኔ አውሮፕላን ነክቼ የማላውቀዋ፣ ጥያቄዎቹን በመኪና የጻፍኩት ራሴ ነኝና አንደኛ ወጣሁ። ፈቃድ ቁጥር አንድ የተጻፈው በስሜ ነው።

አስተማሪው ለሽማግሌው አንድ ነገር ማድረግ አለብን አለኝ። ለአንድ ሰው ብለን ደንብ ካላላን አርባውም በዚያው ቀዳዳ ይገባሉ ብዬ መለስኩለት። ልቤ ግን ያውቅ ነበር። ስህተቴን ከማመን ደንቤን መጠበቅ ቀለለኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሽማግሌው ግን እሁድ እሁድ ቁራውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ፣ ሞተሯን ያጸዳሉ፣ ከዚያ ከገመዱ ውጪ ቆመው ባለ ፈቃዶቹን ያያሉ። ባለ ፈቃዶቹም እጀታውን ለመያዝ ሲፈሩ፣ ስለ ነፋሱ ሲከራከሩ ይመሻል።

እንዲህ እያልን የበዓል ቀን መጣ። ከክፍለ ሀገሩ የተጋበዙ እንግዶች ክበባችንን ሊያዩ ነው ተባለ። ያበራል ተብሎ የታሰበው አስተማሪው ለሥራ አሰንዳቦ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና አልጋ ላይ ዋለ። ባለ ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱ እጁን ወለም ብሎታል፣ አንዱ ዓይኑ ደክሟል፣ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰው ደግሞ ለቅሶ አለበት። ሊቀ መንበሩ ፈቃድ ቁጥር አንድ የማን ነው ሲሉ ጉዴ ፈላ።

ሳልወድ በግዴ ወደ ጃንጥላ ጠጋኙ በረንዳ ሄድኩ። ያስተምሩኝ ስላቸው ሥራቸውን ወዲያ ብለው ተነሱ። እጄን ይዘው ቢያሳዩኝ ኖሮ ነገሩ ግማሽ ያልቅ ነበር፤ ግን ያላገባች የሰው ልጅ እጅ መያዝ ለእሳቸው ነውር ነው፣ እኔም አልጠብቅም። በሲባጎ ድንጋይ አስረው ሰጡኝና ሁለት ቀን ሙሉ መንገደኛ እየሳቀብኝ አዞርኩት። ራሴን አዙሮኝ ስቀመጥ ይጠብቁኛል።

"ሰዉን አትዪ፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ክንፉን ብቻ እዪ። ሰዉን ካየሽ ምድር ትዞርብሻለች።"

በበዓሉ ቀን ሜዳው ሙሉ ነበር። እሳቸው ቁራውን ከገመዱ ዳር አስቀምጠው፣ እግራቸው ውጪ ሆኖ እጃቸውን ብቻ በገመዱ ላይ አሳልፈው ሞተሯን አስነሱ። እኔ መሃል ላይ እጀታውን ይዣለሁ። ለቀቁት። ሽቦው እጄን ሲስብ የተሰማኝን ነገር ዛሬም አልረሳውም፤ ሕይወት ያለው ነገር የያዝኩ መሰለኝ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛውን ዞርኩ። ያኔ ገባኝ እሳቸውን ምን እንደከለከልኳቸው።

አራተኛው ላይ ተጨበጨበ። ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ሜዳው ከነእንግዳው መሽከርከር ጀመረ። የእሳቸው ድምፅ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ "ኦል፣ ኦል" ይላሉ። በዞርኩ ቁጥር እዚያው ገመዱ ሥር፣ ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ ሊገባ እንደተነሳ ሰው ወደ ፊት አዘንብለው አያቸዋለሁ። ጥቂት እርምጃ ሮጠው እጀታውን ቢቀበሉኝ ያበቃ ነበር። አልገቡም። ተንገዳግጄ ወደቅሁ፤ ቁራውም በአፍንጫው መሬት ገባ።

እንግዶቹ ጥሩ ሙከራ ነው ብለው አጨበጨቡና ወደ ሌላው ትርዒት አለፉ። የቁራው ክንፍ እንደ ተገነጠለ ጃንጥላ ተዘርግቶ ቀረ። የሞተሯ ዘንግ ተጣሞ፣ አካሏ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከተማው ውስጥ ያሉ መካኒኮች ሁሉ አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ያኔውኑ፣ እዚያው ሜዳው ላይ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ለምን አልገቡም ብዬ ሰው ፊት ተቆጣኋቸው። ጉልበቴ መድማቱን በዓይናቸው አሳይተውኝ ስብርባሪውን መልቀም ጀመሩ።

በሳምንቱ ሃያውን ጥያቄ ይዤ በረንዳው ሥር ሄድኩ። አሁን ምን ያደርግልሻል አሉኝ። ፈቃዱ ይገባዎታል አልኳቸውና በተሰባበረ አፋን ኦሮሞዬ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። እየሰፉ መለሱልኝ። ነፋስ ሲቀየር ምን እንደሚደረግ፣ ሞተር በአየር ላይ ብትጠፋ እንዴት እንደሚታረፍ፣ መጽሐፉ በአንድ መስመር ያለፈውን እሳቸው በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ሃያውንም መለሱ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ።

"አባባ፣ ያን ቀን ለምን አልገቡም? ቢገቡ ኖሮ ቁራው ይተርፍ ነበር።"

መርፌያቸውን አቆሙ።

"ደንቡን አስነብቤዋለሁ" አሉኝ። "ያለ ወረቀት ብገባ እኔን ምን ይሉኛል? ሽማግሌ ነኝ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። የሚጠይቁት አንቺን ነው፤ ስምሽ ከሥሩ አለ። ቁራው ዕቃ ነው። አንቺን ቢወስዱሽ ለእናትሽ ምን እላታለሁ?"

አለቀስኩ። እሳቸውም ወደ መንገዱ እያዩ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ ቀድሜ ቢሮ ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም መትቼ ያመጣሁትን ፈቃድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። "ቢስሚላህ" ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ ምን እንደሚል አንብቢልኝ ብለውኝ እስከ መጨረሻው ሰሙና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ወደ ጅማ ግን ሌላ እንዲህ ያለች ሞተር አልመጣችም።