መካሪው የቆመበት ድንጋይ

«መካሪው» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ለአድናቆት እንዳልሆነ እሱም አይጠፋውም። አንድ ነገር ከጠየቁት ለሦስት ጥያቄ የሚበቃ መልስ ይሰጣል፤ ካልጠየቁት ደግሞ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። «እኔ እኮ ሬሳ ባገኝ ስለ አሟሟቱ እመክረዋለሁ» ይላል፤ ከዚያም ሌላው ሳይስቅበት ቀድሞ ይስቃል።

ሥራው የጋራ ግጦሽ መሬት ማስተዳደር ነው። መሬቱ ሰፊ ቢሆንም የሚታወቀው በአረሙ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መጤ አረም ጥግ ላይ ብቅ አለ፤ መጥቶ አልሄድም ስላለ «እንግዳው» አሉት። ከብት አይበላውም፣ ሣሩን ያንቃል፣ ዘሩ መንጠቆ ስላለው ልብስ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። መካሪው እንግዳውን በማጭድ ሞከረው፣ በእሳት ሞከረው፣ በስድብም ሞከረው። አልቻለውም። ከሽንፈቱ ግን ብዙ ተማረ፤ የተማረውንም ይዞ ሰው መሬት ላይ መዞር ጀመረ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለሱ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ራሱ ይናገራል። ወዲያው ደግሞ «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ብሎ ራሱን ያጽናናል።

እሱ፣ የደኑ ኃላፊ፣ የግድቡን ዳርቻ የምታስተዳድረው ሴትዮና ታላቅ እህቱ አንድ ልማድ አላቸው። በየተራ አንዳቸው መሬት ላይ ይሰበሰባሉ፤ የሰመረላቸውንም የከሸፈባቸውንም ይጨዋወታሉ፣ የሚቃጠል ካለም አብረው ያቃጥላሉ። ያረጀ ደረቅ ሣር በልኩና በጊዜው ከተቃጠለ አዲሱ ይወጣል፤ ካልተቃጠለ ከሥሩ ያለውን አፍኖ ይገድለዋል። ችግሩ እንግዳው ነው። የእንግዳው ዘር የወደቀበት ቦታ ከተቃጠለ የሚሻማው ሣር ስለማይኖር ባዶውን መሬት ብቻውን ይወርሰዋል። ስለዚህ ክብሪት ከመጫሩ በፊት ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፈው መሬቱን ያስሳሉ፤ እንግዳውን ባዩበት ሁሉ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተክላሉ።

የዚያን ቀን ተራው የእህቱ ነበር። ከአባታቸው የቀረውን መስክ ብቻዋን ነው የያዘችው፤ ላሞቿም ሌላ ግጦሽ የላቸውም። ሣሩ አርጅቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ዘንድሮ ካልተቃጠለ ላሞቹን እንደምትሸጥ ለማንም አልደበቀችም።

«ደግነቱ እንግዳው እኔ ጋ የለም፣ ተመስገን» አለች።

«እኔ እያለሁልሽ እትዬ!» አለ መካሪው፤ ብሎም መስኩ መካከል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣ። በየተራዋ ንግግር የሚያደርገው እዚያ ላይ ቆሞ ነው።

«ልብ በሉ፣ የእንግዳው ዘር አፈር ውስጥ ሰባት ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል። ሰባት!» ሲናገር እጁ ሥራ አይፈታም፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሁሉ እየነቀለ ይጥላል።

«ጋሼ፣ ነፋስ ሳይነሳ ብንጀምር?» አለ የደኑ ኃላፊ።

ተሰልፈው ማሰስ ጀመሩ። ብዙ ሳይቆይ እህቱ ቀጥ አለች። እግሯ ሥር አንዲት ለጋ እንግዳ በቅላለች። እንጨት ተከሉባት። ቀጥሎ ሌላ፣ ከሱም ሌላ። አስሰው ሲጨርሱ ዞር ብለው አዩ። ቀያዮቹ ጨርቆች ከበሩ ተነስተው በእግር መንገዱ እስከ ድንጋዩ ድረስ ተሰልፈዋል፤ ድንጋዩንም ዙሪያውን ከበውታል። በተረፈው መስክ አንድም የለም።

«ወፍ ነው» አለ መካሪው።

«ወፍ በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች የግድቧ ሴትዮ። «የኔም እኮ የጀመረው ሁሌ ከምንቀመጥበት ጥላ ሥር ነው።»

«የኔም አግዳሚ ወንበሩ አጠገብ» አለ የደኑ ኃላፊ።

መካሪው ነገሩ ጣመው። ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ወጣ። «እንግዲህ እነዚህን ሦስት ቦታዎች የሚያገናኝ አንድ ነገር መኖር አለበት። ከብት ነው እንዳንል የእትዬ ላሞች ከዚህ መስክ አይወጡም። ጎርፍ ነው እንዳንል ዳገት ነው።» ይህን እያለ ከሱሪው አንድ ነገር ነቅሎ ወረወረ። የሦስቱም ዓይን የተወረወረውን ተከትሎ ወረደ፣ ከዚያም ወደ እጁ ተመለሰ። መካሪውም እጁን አየ። ሁለተኛው ዘር በጣቶቹ መካከል ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ባለቤቱ «ከስብሰባ ስትመለስ ሱሪህ ንጹሕ ነው» ትለው የነበረው ትዝ አለው። ሙገሳ መስሎት ሲኮራ ነው የከረመው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድሩም ግን በሱ ዘር ተይዟል።

እህቱ አልጮኸችም። ሱሪውንና ጫማውን አስወልቃ የራሷን ሽርጥ ሰጠችው። ድንጋዩና መንገዱ ዳር ሣሩን አጭደው፣ አፈሩን ገልብጠው እሳት የማይሻገረው መስመር አወጡ፤ የተረፈውን መስክ አቃጠሉ። ሱሪው የመጀመሪያው ማገዶ ሆነ። ሁልጊዜ ክብሪት የሚጭረው እሱ ነበር፤ ዛሬ ክብሪቱን ለግድቧ ሴትዮ ሰጧት። መካሪው በሽርጥ፣ በባዶ እግሩ፣ የውሃ ባልዲ ይዞ ቆመ። «እንኳን ሚስቴ አላየችኝ» አለ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ዝናቡ ሲመጣ መስኩ ለመለመ፤ ላሞቹም ሳይሸጡ ቀሩ። ድንጋዩ ዙሪያ ግን እንግዳው በቀለ። መካሪው በሩ ላይ ጫማውን በብሩሽ ጠርጎ፣ ሱሪውን አራግፎ ይገባና ተንበርክኮ አንድ በአንድ ይነቅላል። እህቱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

«አይዞሽ እትዬ» አላት አንድ ቀን፣ «ሰባት ዓመት ተመላልሼም ቢሆን አንድ ሳላስቀር እነቅልልሻለሁ።»

«ሰባት ዓመት የምኖር መስሎህ ነው?»

ቀና አለ። ፊቷን አየ። እህቱ አርጅታለች። ፀጉሯ ነጥቷል። ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ሲመላለስ፣ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ሲለፈልፍ፣ አንድም ቀን ልብ ብሎ አላያትም።

«ነገም ና» አለችው፤ «ምክር ሳትይዝ።»

«እሺ እትዬ» አለ፤ ሌላ አልጨመረበትም።