የእማማ ማርታ ተራ

በገና ማግስት የልጄን ልጅ ሶስናን ይዤ ሚዛን ከተማ ኳስ ሜዳ ላይ ወደተተከለው ባዛር ወጣሁ። በአየር ስለሚነፋ አንድ ትልቅ መንሸራተቻ ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ነበር የሰነበተችው። ባዛሩ በማግስቱ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ቴፒ ይሄዳል ስለተባለ ማምለጫ አልነበረኝም። ቲኬታችንን ቆርጠን ከሰልፉ ጭራ ቆምን።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰልፉ እንደ ምንም እየተንፏቀቀ ከብዙ መቆም በኋላ የሰልፉ ራስ ሆንን። እዚያም ቆመን ቀረን። ከጎናችን በቀይ ገመድ የተለየ ሌላ መግቢያ አለ፤ እጃቸው ላይ ወርቃማ ማሰሪያ ያደረጉ ልጆች በዚያ በኩል እየመጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ተንሸራተው ይወርዳሉ፣ ዞረው በዚያው ይገባሉ። መውጫው ላይ አንድ ለግላጋ ወጣት ታብሌት ይዞ ቆሟል። ታብሌቱ ላይ አንድ የሚስቅ፣ አንድ ዝም ያለ፣ አንድ ደግሞ የተኮሳተረ ፊት አለ፤ ከላዩ «ረክተዋል?» ይላል። የወረደ ሁሉ አንዱን እየነካ ያልፋል። የተኮሳተረውን የነካ ሰው አላየሁም።

«አያቴ፣ እነሱ ለምን አይሰለፉም?» አለችኝ ሶስና።

«ከፍለዋላ።»

«እኛስ አልከፈልንም?»

በሩን የያዘው ልጅ ሰማትና ጎንበስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ከፍላችኋል ሚጣዬ፤ ግን የእናንተ ቲኬት ተራው ነው። ልዩዎቹ ካለፉ በኋላ ትገባላችሁ» አላት። ልጁ ሊሰድበን ፈልጎ አልነበረም። እኔ ግን ያቺን «ተራ» የምትል ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። ወጣት ሳለሁ በዚሁ ሜዳ ላይ ያቺኑ ቃል ሰምቻታለሁ፤ ያን ቀን የተቃጠልኩት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሚዛን የቀረ አስተማሪ ነው። ከግቢያችን አንዷን ጠባብ ክፍል ጴጥሮስ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ ተከራይቶ ይኖርባት ነበር። ጴጥሮስ በሸዋ ቤንች በኩል ካለ ገጠር የመጣ የቤንች ልጅ ነው። እናቱ እማማ ማርታ በየገበያው ቀን ጎደሬና ሙዝ ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ፤ ለልጃቸው ስንቁን አድርሰው የቀረውን ሸጠው ይመለሳሉ። ለእኛ ቤትም ሙዝ ሳይተዉልን ሄደው አያውቁም። እናቴ ጎደሬ መቀቀል የለመደችው ከእሳቸው ነው፤ ትኩሱን በዳጣ እየነካን ስንበላ «ይሄን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት» ትል ነበር።

እማማ ማርታ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩበትም። እኔን «አንተ ልጄ» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ እስቅ ነበር። ኋላ ለምጄው «አንቺ» ቢሉኝ የተቀየሙኝ ይመስለኝ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ኅዳር በእኛ አገር የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ቀዩ እሸት በየደጁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነው ሽታው ልብስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ገበያውም እንደዚያ ጊዜ ሞቆ አያውቅም። ቡና ገዢው ከየአገሩ ይመጣል፣ የእሱን ገንዘብ የሚፈልግ ሌላው ነጋዴ ደግሞ እሱን ተከትሎ ይመጣል። በዚያ ዓመት ታዲያ አንድ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ በጭነት መኪና ብዙ ብረት ጭኖ መጣ። መኪናው ከተማው መግቢያ ላይ ጭቃ ውጦት ቀረ። ያወጣነው እኛ ነን። ተማሪው፣ ለቃሚው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሳይቀር ገመድ ይዞ እየጎተተ፣ ቅጠል ከጎማው ሥር እየጎዘጎዘ አስገባው። ይህን የምናገረው በኋላ የሆነውን ሳስበው ይበልጥ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ብረቱ ተገጣጥሞ ሲቆም ትልቅ ክብ ሆነ፤ በዙሪያው ወንበር ያላቸው ሳጥኖች ተንጠልጥለውበታል፤ በሞተር እየዞረ ሰውን ከቤት ጣሪያ በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ያወጣል። ስሙን ሽክርክሪት አልነው። የወጣ ሰው ሲወርድ የሚያወራው ሌላ አይደለም፤ ከከተማው ማዶ ያለውን ሸንተረር ሁሉ እንዳየ ነው።

ይህ ነገር እማማ ማርታ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው የሚኖሩት ጫካ ውስጥ ነው፤ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ቤቱም ከዛፍ ሥር። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ዓይኑ ሩቅ አያይም፤ ከፊቱ ሁልጊዜ ግንድና ቅጠል አለ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ቀፎ ሰቃይ ነበሩ፤ ለማር ከትልቁ ዛፍ ጫፍ እየወጡ ሲወርዱ «ቤታችንን አየኋት፤ ከላይ እንጉዳይ ትመስላለች» ይሏቸው ነበር። ሴት ዛፍ አትወጣም። እማማ ማርታም አንድም ቀን ሳያዩዋት ባላቸው ሞቱ። ሽክርክሪቱ ላይ ከተወጣ የእነሱ ሸንተረር እንደሚታይ ጴጥሮስ ሲነግራቸው በሚቀጥለው ገበያ እንደሚወጡ ብቻ ተናገሩ።

አሁን ስለ ድንጋዩ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ በየቤቱ ቧንቧ አልነበረም፤ ውሃ የምንቀዳው ከቦኖ ነው። ቦኖው መቼ እንደሚከፈት ስለማይታወቅ ሰው በጠዋት ሄዶ አንድ አንድ ድንጋይ ይደረድርና ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ ሰውየው ማለት ነው። የቤንቹም፣ የከፋውም፣ የጉራጌው ባለሱቅም፣ የእኛም ድንጋይ ከኋላና ከፊት ሆኖ ይሰለፋል። ተኳርፈው የማይነጋገሩ ጎረቤቶች እንኳ አንዱ የሌላውን ድንጋይ ሲያነሳ አይቼ አላውቅም። በከተማው ሕግ የሚባል ነገር ካለ እሱ ነበር።

በገበያው ቀን እማማ ማርታ ገና ሳይነጋ ደርሰው ከሽክርክሪቱ በር ፊት ለፊት ድንጋያቸውን አስቀመጡ። ጠቆር ያለች፣ አንድ ጎኗ የተላገች ድንጋይ ናት። ከዚያ ጎደሬያቸውን ሊሸጡ ሄዱ። ሌላውም እያየ ድንጋዩን ከኋላቸው ደረደረ። ጨርሰው ሲመለሱ ቲኬት ሊቆርጡ ከእሳቸው ጋር ሄድን፤ እኔና ጴጥሮስ።

ቲኬት ቆራጩ «ልዩ ነው ተራ?» አላቸው።

«ተራ» አሉ እማማ ማርታ፣ ፊታቸው በርቶ።

እሳቸው የሚያውቁት ተራ የቦኖውን ተራ ነው። ሌላ ካወቁም ገበያው ውስጥ ቅቤ ተራ፣ በርበሬ ተራ የሚባለውን ነው። ተራ ለእሳቸው የሰው ቦታ ነው፤ ማንም የማይነካው። ቃሉ ሌላ ፊት እንዳለው፣ «ተራ ሰው»፣ «ተራ ዕቃ» እንደሚባልበት ማን ነግሯቸው? ሰውየው ወረቀቱን ሲሰጣቸው የድንጋያቸውን ቦታ በማኅተም ያጸናላቸው መሰላቸው። አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ሽክርክሪቱ መዞር ጀመረ። ልዩ ቲኬት የቆረጡት በሌላ በኩል ይገባሉ፤ የባለሥልጣን ልጆች፣ ቡና ገዢዎች፣ የገዢዎቹ ሾፌሮች። ብቻቸውን መቀመጥ ስለሚፈልጉ ሳጥኑ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይዞራል። አንዱ ልጅ ሸንኮራ እየመጠጠ ደጋግሞ ወጣ፤ በመጨረሻ ሸንተረሩንም ምኑንም ሳያይ ላዩ ላይ ሲያዛጋ አየሁት። ከሰዓት በኋላማ ልዩዎቹ ራሳቸው በዝተው መሰለፍ ግድ ሆነባቸውና ማጉረምረም ጀመሩ። ጴጥሮስ «አሁን ደግሞ ልዩ ልዩ የሚባል ቲኬት ያወጣል» ብሎ አሳቀን። ባለ ባርኔጣው የድምፅ ማጉያውን ይዞ ከሳጥን የሚወርደውን ሁሉ «ደስ አላችሁ?» ይላል። «አዎ!» ይላሉ። ወደ እኛ ዞሮ «ይኸው ሰማችሁ፣ ሁሉም ተደስቷል» ይለናል። እኛን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀንም።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር እማማ ማርታ መንገዳቸው አስጨነቃቸው። ቋጠሮውን ፈትተው ቲኬታቸውን ይዘው ወደ በሩ ቀረቡ። ባለ ባርኔጣው ወረቀቱን አየና እጁን ዘረጋባቸው።

«እናትዬ፣ ወደ ኋላ። ይሄ ተራ ነው።»

«አዎ፣ ተራ ነው» አሉት። «ተራዬ ነው።»

ሰው ሳቀ። ልዩዎቹም ሳቁ፣ ከሰልፉም የሳቀ ነበር። እማማ ማርታ ሁሉም ደስ ያለው መስሏቸው አብረው ሳቁና ሊገቡ አንድ እግራቸውን አነሱ። ሰውየው በክንዱ መለሳቸው። እኔ ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት የሴትዮዋ ድንጋይ ከንጋት ጀምሮ እዚህ እንደነበረ፣ ከእሳቸው የሚቀድም ሰው እንደሌለ ነገርኩት። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። በጫማው ጫፍ መታና ወደ ጭቃው አንከባለለው።

ሳቁ ቀጥ አለ። የሰው ድንጋይ ሲመታ አይተን አናውቅም። ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሄደው ከጭቃው አነሱት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቦታው ላይ መለሱት። ያደረግነው ይህንኑ ብቻ ነው። ጥቂት አጉረመረምን፣ የሞተሩ ጩኸት ድምፃችንን ዋጠው፣ ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ባለ ባርኔጣው ሽክርክሪቱን አቆመና ተራ ቲኬት የያዘ ሁሉ ነገ በጠዋት እንደሚስተናገድ በማጉያው ተናገረ።

እማማ ማርታ ድንጋዩን አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ነገ እመጣለሁ» አሉኝ። «አንተ ያዝልኝ።»

ነገ ገበያ አልነበረም። ለዚያች ሳጥን ብቻ ብለው ያን ሁሉ የጭቃ መንገድ ደግመው ሊመጡ ነው። እኔም እንዳላሳፍራቸው ጎህ ሲቀድ ድንጋዩን ይዤ ሮጥኩ። ሜዳው ላይ ሽክርክሪት አልነበረም። ብረቱ ተተክሎበት የነበረው ጉድጓድ የዝናብ ውሃ ሞልቶታል፤ ውሃው ላይ የሞተር ዘይት ያብለጨልጫል። መኪናው በሌሊት ወጥቷል። ድንጋዩን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ቆምኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ያዝልኝ ብለውኝ ነበር።

እማማ ማርታ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ጉድጓዱን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ከዚያ ሳጥኖቹ ተንጠልጥለው የነበሩበትን ባዶ ሰማይ አዩ። «ተራዬን የት ወሰደው?» አሉኝ። እንደ ልጅ ነበር የጠየቁኝ፣ የማውቀው መስሏቸው።

ያን ቀን ለአባቴ እያለቀስኩ ስነግረው ሰውየው ነጋዴ መሆኑን፣ ብዙ የከፈለ ቢቀድም የሚያስገርም ነገር እንደሌለው፣ ማንንም በግድ እንዳላስቆረጠ አስረዳኝ። አባቴን እወደው ነበር፤ በዚህ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ሰውየው የሸጠው የራሱን ሽክርክሪት ቢሆን ምን አገባኝ። እሱ የሸጠው የእማማ ማርታን ቦታ ነው። የሰውን ቦታ ከሰው እግር ሥር ስቦ ለሌላ ሸጦ፣ በዚያ ላይ ለእሳቸው የቆረጠላቸውን ወረቀት ተራ ብሎ ሰየመው። ይሄ ስርቆት ካልሆነ ሌላ ስም የለኝም።

ሽክርክሪቱ ዳግመኛ ወደ ሚዛን አልመጣም። እማማ ማርታ ከብዙ ዓመት በኋላ ከዚያው ከዛፋቸው ሥር ሳሉ አረፉ። ቤታቸው ከላይ እንጉዳይ ትምሰል አትምሰል ሳያዩ።

ይህን ሁሉ ቀይ ገመድ አጠገብ ቆሜ ሳስብ ሶስና እጄን ሳበችኝ። ደክሟታል፤ ከንፈሯ ደርቋል። «አያቴ፣ በቃ ነገ እንመጣለን» አለችኝ። ነገ እዚህ ሜዳ ላይ ምን እንደሚኖር አውቀዋለሁ።

መውጫው ላይ ያለውን ባለ ታብሌት ወጣት ጠራሁትና ሳይወጣ የቀረ ሰው የትኛውን ፊት እንደሚነካ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ይሄ ለወረዱት ብቻ ነው» አለኝ። እንደጠበቅሁት ነው። የተጠየቀው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ምክንያቱም የሚጠየቀው የወጣው ብቻ ነው።

ከዚያ የሶስናን እጅ ያዝኩና ቀዩን ገመድ ከፍ አድርጌ ወደ በሩ አለፍን። ባለ ወርቃማ ማሰሪያ ልጅ ከጎናችን ሊያልፍ ሲል በትከሻዬ ከለከልኩት፤ ልጁ ላይ ጥል የለኝም፣ ከእኛ በኋላ ይግባ። በሩን የያዘው ወጣት ግራ ገባው።

«እማማ፣ የእናንተ ቲኬት እኮ ተራ ነው» አለኝ፣ አሁንም በጨዋ ደንብ።

«አዎ፣ ተራ ነው» አልኩት። «ተራችን ነው።»

ማንም አልሳቀም።