ቆርቆሮ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ስም

ያኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትናንት ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ የብረት በር ሲቀባ የቲነር ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ቢነካኝ፣ ሳላስበው እጄን ከኮምፒውተሩ አንሥቼ ጣቶቼን በቀሚሴ ጠረግሁ። «ጣትሽን ሳትጠርጊ ሌላ ፊደል እንዳትጀምሪ» እያለ አባቴ ያስለመደኝ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም፤ በሐሳቤ ካርቱም ነበርኩ።

የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ሆሽ ውስጥ ነበር፤ ሆሽ ያው ግቢ ማለት ነው። እናቴ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አባቴ ሰይድ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፣ ሱዳኖቹ ኻጣጥ ይሉታል። የአማርኛውን ፊደል ደሴ ሳለ ተምሮት፣ የዓረብኛውን ካርቱም ከገባ በኋላ የሌሎችን ሰሌዳ መንገድ ላይ ቆሞ እያየ፣ አሸዋ ላይ በእንጨት እየቸከቸከ በራሱ ለምዶት ነበር። የሐበሻ ምግብ ቤትና ልብስ ሰፊው ሁሉ ሁለቱንም ፊደል ባንድ ሰሌዳ ስለሚፈልግ፣ አማርኛው ከግራ፣ ዓረብኛው ከቀኝ እየመጡ መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ አባቴ አስቀድሞ በጠመኔ መስመር እየለካ «ሁለት እንግዳ በር ላይ እንዳይጋጭ» ይል ነበር።

በሰይፍ፣ በዚያ በካርቱም በጋ፣ ቆርቆሮው እጅ ስለሚያቃጥል የምንሠራው ጠዋት ማልደንና ከዐሥር ሶላት በኋላ ነበር። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከሩቅ ቀልቶ ሲነሣ፣ አባቴ «ሩጪ፣ ፊደሉ ጺም ሳያበቅል!» እያለ እርጥቡን ሰሌዳ ባንድ ጫፍ እሱ፣ ባንድ ጫፍ እኔ ይዘን ወደ ቤት እንሮጥ ነበር። ብሩሹን በምላጭ መከርከም፣ ቀለሙን ማቅጠን፣ እጄን በዱላ ማስደገፍ የተማርኩት በዚያ ሰይፍ ነው። ከሁሉ ያልረሳሁት የቀለበቱን ነገር ነው። እንደ «ጎ» ቀለበት ያላቸውን ፊደሎች አባቴ ፈጽሞ አይዘጋቸውም ነበር፤ ቀለም ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ስለሚያብጥ ቀለበቱ ሞልቶ ከሩቅ ጥቁር ነጥብ እንዳይመስል፣ በፀጉር ቅጥነት ክፍት ይተዋት ነበር። «መተንፈሻ ተዪላት» ይለኝ ነበር።

ጁምዓ ጁምዓ እናቴ ሥራ ያስገባቻት ሰሚራ ትመጣ ነበር። ከወሎ የመጣች፣ ጥርሷ ፍንጭት፣ ሳቋ ከበር የሚቀድም ልጅ ነበረች፤ ፀጉሬን እየሠራች ስለ መዳሟ ድመት ታወራኛለች። ድመቷ ሥጋ ትበላለች፣ እሷ ፉል። «ወላሂ ያችን ድመት ባደረገኝ!» ትል ነበር። አንድ ቀን ፀጉሬን ጨርሳ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፦

«ዘምዘሜ፣ ስም መጻፍ አስተምሪኝ» አለችኝ።

ወረቀት አምጥቼ «ሰ» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችው።

«እሱን አይደለም። ትርንጎ በዪ።»

«ትርንጎ ደግሞ ማናት?»

«አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ! እኔ ነኛ። እናቴ ያወጣችልኝ ትርንጎ ብላ ነው። ሰሚራ ደላላው የሰጠኝ ጃዋዝ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ናት፤ እኔ ለጉዞ ዕድሜዬ አልደረሰም ነበርና። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ለእናትሽም እንዳትነግሪ። ከተሰማና ፖሊስ ከወሰደኝ አለቀልኝ። ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ» አልኩ።

ከላይ አንድ መስመር «ትርንጎ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩላት፣ እሷም ከሥሩ ስምንት መስመር ሙሉ ምላሷን እየነከሰች ገለበጠችው። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። አገር ለሚገባ ሰው ሰጥታ ለወንድሟ እንደላከችው ኋላ ነው ያወቅሁት።

ኸሪፍ ሊገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ሰሞን፣ ሰሚራ ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ በመዳሟ ቤት በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ስትሞላ ኤሌክትሪክ ያዛት። እናቴ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ሰሚራ የለችም» አለች። ሴቶቹ አጠቧት፣ ወንዶቹ ቀበሯት። ሐበሻ በሞተ ቁጥር የመቃብሩን ሰሌዳ የሚጽፈው አባቴ ነበር፤ ከሱቅ ሰሌዳ የተረፈ ቆርቆሮ ፈልጎ፣ ነጭ ቀብቶ፣ ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ይጽፋል። በዚያ ሳምንት ግን ወባ ጥሎት ዐንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንቺ ጻፊው» አለኝ። «የፖሊሱ ወረቀት እዚያ አለ። ከወረቀቱ እንዳትወጪ፤ የመቃብሩ ዘበኛ ያስተያያል።»

ሌላው ስሟ ትዝ አላለሽም ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ትዝ ብሎኝ ነበር። ወላሂ ብያለሁ፣ አባቴም ከወረቀቱ አትውጪ ብሏል፤ ይህ አንድ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆርቆሮው የኔ የመጀመሪያ ሰሌዳ ነበር። ጥያቄ ካነሣሁ ይቀማኛል ብዬ ፈራሁ። የማንጎ ጭማቂ ሥዕል የነበረበትን ፊት ወደ ኋላ አዙሬ፣ ንጹሑን ገጽ ሁለቴ ነጭ ቀብቼ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። አባቴ ከዐንገሬቡ ቀና ብሎ አየውና «እጅሽ ከእጄ በልጧል» አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ሺታው ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ ይማም የሚባል ሰው ወደ ሆሻችን መጣ። ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ፣ መዳፉ ተሰነጣጥቆ፣ በትከሻው ፎጣ ጣል አድርጎ ነበር።

«ጋሼ፣ ሐበሻውን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል አሉኝ» አለው አባቴን። «ትርንጎ የምትባል እህት አለችኝ። ድምጿ ከጠፋ ወራት አለፈ።»

አባቴ አሰበ፣ አሰበና «ትርንጎ የምትባል አላውቅም፣ ልጄ። ግን እዚሁ እደር፣ እንፈልጋለን» አለው።

እኔ ብሩሽ እያጠብኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

ሦስት ቀን እኛ ዘንድ እያደረ፣ ቡሪ የሚባለውን ሰፈር በር ለበር፣ አል-ማንሺያን ዘበኛ ለዘበኛ ሲጠይቅ ውሎ እግሩ አቧራ ለብሶ ይመለስ ነበር። የእግር ውሃ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። «ተባረኪ፣ እህቴን ትመስያለሽ» ይለኛል፤ እኔ ከጆጉ ውሃ አፈስለታለሁ። እንዳልነግረው የያዘኝ መሐላው አልነበረም፤ ሟች በመሐላ ምን ታደርጋለች? መቃብር ላይ የሰው ስም ማሳሳቴን አባቴ እንዳያውቅ ነው።

በጁምዓው ይማም «ስሟን ሰሌዳ ላይ ይጻፉልኝና የሐበሻ ሴቶች የሚሰበሰቡበት ልቁም» አለ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን አጻጻፉ ይሄው» ብሎ ከፎጣው ጫፍ የታሰረ ወረቀት ፈታ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ ያለውን መስመር ብዙ ጊዜ አየው። አውራ ጣቱ «ጎ» ላይ ቆመ።

«እርሳስ አያብጥም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። የእርሳስ ቀለበት ክፍት የሚተው ሰው የለም፤ ቆርቆሮ ላይ የተማረ ካልሆነ። ቆርቆሮ ላይ ከሱ ዘንድ የተማርኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ዘምዘም» ብሎ ጠራኝ፣ እንደ ወትሮው ዘምዬ ሳይለኝ። «ይችን ልጅ መቼ ነው ያስተማርሻት?»

ነገርኩት። ይማም ወረቀቱን ተቀብሎ ተነሣ። ሦስታችን ርክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ መቃብሩ ሄድን።

ሰሌዳው ቆሞ ነበር። ዝናብ አላጠበው፣ ሀቡብ አልፋቀው፤ አንድ ፊደል አልተላጠም። ይማም ተንበርክኮ ወረቀቱን ከአማርኛው አጠገብ አስጠጋና በጣቱ ይቆጥር ጀመር፣ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ቆርቆሮውን። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ይቺ አይደለችም» አለ። «እዚህ ሦስት ነው። የኔ እህት አራት ናት።»

አባቴ የጃዋዙን ነገር፣ የደላላውን ነገር እያለሳለሰ አስረዳው። ይማም ወደኔ ዞረ።

«አንቺ አየሻት? ምን ታደርግ ነበር?»

«ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር» አልኩ እያለቀስኩ።

«በሉ እንግዲህ!» አለ፣ ሊስቅ እንደሚቃጣው። «ትርንጎ ፀጉር መሥራት አትችልም። የሷን ፀጉር እንኳ የምትሠራላት እናታችን ናት። ጋሼ፣ ልጅ ናትና ትሳሳታለች። እህቴ ሌላ ከተማ ገብታ ይሆናል።»

ወረቀቱን መልሶ ፎጣው ጫፍ ላይ አሰረው። ያን ለት ማታ አባቴ ከመቃብሩ ነቅሎ ያመጣውን ሰሌዳ እያለቀሰ ነጭ ቀብቶ አራቱን ፊደል በራሱ እጅ ጻፈ፤ ጠዋት ይማምን ልናሳየው ብንፈልገው የለም። መኪና መቆሚያው ያሉት ሰዎች ወደ ሰሜን በሚሄድ ሎሪ ተሳፍሯል አሉን። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም።

ዛሬ ፊደል የምሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም፣ አባቴ የዓረብኛውን ፊደል እንደለመደው በራሴ ነው የለመድኩት። የሠርግ ካርድ ላይ ስም ቢሳሳት አንድ ቁልፍ ተጭኜ አጠፋዋለሁ፣ ቀለም አያብጥ፣ አቧራ አይነካው። ደንበኞቼን ግን «ስሙ ይሄ ነው? እርግጠኛ ናችሁ?» እያልኩ ሦስቴ ስለምጠይቅ ይስቁብኛል። ያ መቃብር የሱዳኑ ጦርነት ካለፈበት በኋላ ይኑር አይኑር አላውቅም።

አባቴ ከዚያ ሺታ ጀምሮ ጁምዓ የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ተወ። በዚያ ቀን ቤታችን የሚመጡትን ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም በገዛ እጃቸው እስኪጽፉት ያስተምራቸውና አንድ ደብተር ላይ ያስጽፋቸው ነበር። ካርቱምን ስንለቅ ብሩሾቹን ትቶ ደብተሩን ይዞ ወጣ።